ሁለተኛው ቀዛፊ

አጎቴ በስልክ «እሱን ሰርዢው፣ ምንም የለውም» ሲል የሰማሁት የወንድሜን ብርጭቆዎች በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነበር። የሚያነጋግረው የማተሚያ ቤቱን ጸሐፊ ነው። ነገ መሥሪያ ቤቱ ለወንድሜ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅቷል፤ እዚያ የሚበተን አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ አለ። ጸሐፊዋ ቅጹን አስቀድማ ልካለች፤ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ከዚያ በታች «ስኬትና ሽልማት» የሚል ርዕስ። አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን ከፊቱ አርቆ ይዞ፣ ድምፁን ሳይቀንስ «አይ፣ ባዶውን አትተይው፤ ባዶ ቦታ ያስተዛዝባል። ርዕሱን ራሱ አውጪው» አላት። ቀጥሎ «አዎ፣ አላገባም። አዎ፣ ልጅም የለውም» አለ። እኔ አራተኛውን ብርጭቆ ጠቀለልኩ። አምስተኛ አልነበረም።

አጎቴ ይህን ሲል ክፋት አስቦ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ሬጅስትራር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ሰውን የሚያውቀው በወረቀቱ ነው። ያልተማረውን ተምሯል ብሎ አልጻፈም፣ የተማረውንም አልከለከለም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስቱ የእኅት ልጅ የልደት ቀኑ በሁለት ወር እንዲስተካከልለት ለምኖት፣ «ሁለት ወር ቆይተህ መወለድ ነበረብህ» ብሎ መልሶታል። በሌለበት «ማኅተሙ» እንለዋለን፤ እሱም ያውቃል። ወንድሜ ደግሞ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ ጓሮ እየዞረ፣ የቆጣሪ ክዳን እያነሣ፣ ቁጥር ጽፎ ወጥቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ላይ አረፍ እንዳለ አልተነሣም። ልቡ ነው አሉን። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። መዝገቡ ጉልበቱ ላይ ተገኘ፤ የሦስተኛውን ፎቅ ንባብ ጽፎ ጨርሷል።

ክፍሉ አራት እርምጃ በአምስት እርምጃ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ምድጃ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሰያ አንዱ የማይሠራ፣ ለክፍሉ የማይመጥን ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ጥቁር የጌም ማሽን። አከራይዋ ቁልፉን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንድናስረክብ ጠይቃለች፤ በትህትና ነው የጠየቀችው፣ ግን ሁለት ጊዜ። አጎቴ ያን ቀን ማለዳ ቴሌ ሄዶ፣ የሞት ማስረጃውን አሳይቶ፣ የወንድሜን ስልክና ኢንተርኔት አዘግቶ ነበር የመጣው። «በሞተ ሰው ስም መስመር ክፍት አይቆይም» አለኝ፣ ደረሰኙን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ሲከት። ማሽኑን ደግሞ ጌም የሚጠግን አንድ ሰውዬ ሊወስደው ተስማምተናል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ላልሸጠው እችል ነበር። ግን የእኔ ቤት ቴሌቪዥን የለውም፣ ቃልም ሰጥቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግኩም። ጠጋኙ አምስት ሰዓት ገደማ ደውሎ «መሥራቱን አብርተሽ አረጋግጪልኝ፣ በከንቱ እንዳልመጣ» ሲለኝ ነው የነካሁት።

ማሽኑ ሲበራ የወንድሜ ስም መጣ። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም፤ እሱ መስሎት ዝም ብሎ አስገባኝ። እኔ በልብስ ስፌት መኪና እንጂ በእንዲህ ያለ ነገር እጄ አልተፈታም፤ የማላውቀውን ተጭኜ ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። የዋንጫ ሥዕሎች ተደርድረዋል። በየሥዕሉ አጠገብ ስም፣ ከሥሩ ቀንና ሰዓት። ስሞቹን በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ አነበብኩ። አንድ ጀልባ እየቀዘፉ ከደሴት ደሴት ዕቃ የሚያደርሱበት ጌም ነው። «የመጀመሪያ ጭነት»። «ሳይሰምጡ ሃምሳ ጉዞ»። «ዓሣ አጥማጁን ሳያስቀይሙ»። ወንድሜ ይህን ጌም የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ዋንጫዎቹን ተከትዬ ወደ ታች ስወርድ የእሱን አራት ዓመት ነው የምወርደው። አባታችን የተቀበረበትን ወር ሳገኘው አሥራ አንድ ቀን ባዶ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ነሐስ አለ፤ «እንደገና ተነሣ» ይላል፣ የሰመጠ ጀልባ አውጥቶ ለሚጠግን የሚሰጥ። እኔ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ሆስፒታል የተኛሁበትን ሳምንት ፈለግኩ። እሱም ባዶ ነው። ያኔ ኮሪደር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ነበር የሚያድረው፤ ነርሶቹ «ባልሽ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ዋንጫ ያልወሰደባቸውን ቀናት እየቆጠርኩ፣ እኛ ጋር የነበረባቸውን ቀናት አገኘሁ።

ከአርባ አራት ዋንጫ አርባ ሁለቱን ወስዷል። የቀሩት ሁለቱ በቁልፍ ሥዕል ተሸፍነዋል። ለጠጋኙ ደወልኩለት።

«ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል። እነዚህ ዋንጫዎች ምንድን ናቸው?»

«የጌሙ ሽልማቶች ናቸው። ቀላሉን ስትሠሪ ነሐስ፣ ከበድ ያለውን ስትሠሪ ብር፣ ከዚያ ወርቅ። ፕላቲኒየም ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ ነገር የለውም፤ ሌሎቹን በሙሉ ስትጨርሺ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያኔ ራሱ ይመጣል።»

«ምን ይጠቅማል?»

«ምንም። አይሸጥ፣ አይለወጥ።» ትንሽ አሰበ። «ሰው ግን ያየዋል። እንትና ይህን ጨርሷል ይባላል።»

ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ፕላቲኒየሙ ራሱ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራው አንዱ ብቻ እንደቀረው ነገርኩት። የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በስልኬ አስተርጉሜ አነበብኩለት። «መንታ መቅዘፊያ። ከሌላ ሰው ጋር፣ በአንድ ማሽን፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ጠባቡን መተላለፊያ ድንጋይ ሳትነኩ ተሻገሩ።» ከሥሩ ደግሞ ይህን ዋንጫ ያገኘው ተጫዋች ከመቶ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ብቻ ነው ይላል። ጠጋኙ ሳቀ። «እሱን ነው እንዴ! እሱ እኮ ከባድ ሆኖ አይደለም ሰው የሚያጣው። በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር አይሆንም፤ የግድ ጎንሽ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ነው የሚጠፋው።» ከዚያ ስለ ሥራው ነገረኝ፣ ሐኪም እንደሚናገረው። ሲወስደው ማሽኑን ባዶ ያደርገዋል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ስለሌለ በወንድሜ ስም ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም። እስካሁን ያለው በኢንተርኔት ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚጨመርበት ግን የለም። መስመር ሳይኖር የተገኘ ዋንጫ እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው የሚቆየው፤ ሳይላክ ማሽኑ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቀኑንም የሚወስደው ከማሽኑ ሰዓት ነው። «ለዚህ ነው አጭበርባሪ ሁሉ መስመር ነቅሎ ሰዓት የሚያዞረው» አለኝ። «በይ፣ ዘጠኝ ተኩል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ መተላለፊያ ያለበትን ገጽ ከፈትኩ። ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ የተሞከረው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።

ማሽኑ ሁለት ጆይስቲክ አለው። አንደኛው ያለቀ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍባቸው ጉብታዎች ጎማቸው ተልጦ ነጭ ሆኗል። ሁለተኛው አዲስ ይመስላል፤ ግን የግራ ጉብታው ብቻ ተፈግፍጎ ወደ አንድ ወገን ጠሟል። ሳየው ገባኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሳላንኳኳ ስገባ ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጆይስቲክ በእጁ ይዞ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርጎ በእግሩ አውራ ጣት ሲገፋ አግኝቼዋለሁ። ካልሲው አንዱ ብቻ ወልቋል። «ምን እያደረግክ ነው?» ስለው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ «ሁለት ሰው እየሆንኩ ነዋ፣ እትዬ» አለኝ። ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፣ ጀልባዋም ድንጋይ መታች።

የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ማክሰኞ ከመሆኑ ከሦስት ቀን በፊት፣ እዚሁ ክፍል ነበርኩ። በርጩማውን ከአልጋው አጠገብ አስጠግቶ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ ዘረጋልኝ። «አሥር ደቂቃ ብቻ። ምንም ማወቅ አያስፈልግሽም፤ በይ ስልሽ ወደ ፊት ትገፊያለሽ፣ ተይ ስልሽ ትተያለሽ።» የሆቴል መጋረጃ እየሰፋሁ መሆኔን፣ አርባ መስኮት እንዳለብኝ ነገርኩት። «ይሁን፣ ሌላ ቀን» ብሎ ጆይስቲኩን መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ተቀምጬ ስለ አከራዬ፣ ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም አርባ ደቂቃ አወራሁት። መጋረጃው የሚፈለገው በሚቀጥለው ሐሙስ ነበር። ይህን እሱ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አጎቴ መጻሕፍቱን በሳጥን እየደረደረ ነበር፤ መጻሕፍት ማለት አራት የቆጣሪ መመሪያና አንድ መዝገበ ቃላት። «ጋሼ» አልኩት፣ «ወንድሜ ሽልማት አለው።» ዞር አለ። ቴሌቪዥኑን አሳየሁት። እንደ ልጅ ጨዋታ ትቶት ይዞራል ብዬ ነበር፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ቀረብ አለ። የጠየቀኝ ግን እኔ ያላሰብኩትን ነው። ሰጪው ማነው? ተጫዋቹ ራሱ መሙላት ይችላል? ሰው ቢያጭበረብር የሚያጣራ አለ? የተሰጠ ይነጠቃል? የማውቀውን መለስኩለት፣ የማላውቀውን ጠጋኙ ያውቃል አልኩ። ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ቀኖቹን ተከትሎ ወረደ። «ሰዓቱም አለ እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ቅናት ነበር። «እኛ ቀን ብቻ ነበር የምንጽፈው።» ከዚያ አንድ ነጥብ ዘጠኙ ላይ ቆመ። «ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም ማለት ነው?»

«አይሞላም። ይሄኛውን ግን አላገኘውም። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

«ታዲያ ያላገኘውን አገኘ ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

«አገኘ በል አላልኩህም። ተቀመጥ ነው የምልህ።»

እስኪገባው ጊዜ ወሰደ። ሲገባው ሳጥኑን አየ፣ በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ጸሐፊዋ የመጨረሻ እርማት የምትቀበለው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። «የእሱን አንቺ ያዢ» አለኝ፣ «እኅቱ ነሽ።»

«አይሆንም ጋሼ። እኔ የተጠየቅኩት ሁለተኛውን ነው።»

ስለዚህ አጎቴ ወንድሜ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ፍራሹ እዚያ ጋ ጎድጉዷል፤ አጎቴ ሰመጥ ሲል ጉልበቱ ከፍ አለ፣ ያለቀውን ጆይስቲክ እንደ ሻይ ሳህን በሁለት እጁ ያዘው። እኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ስም የለኝምና «እንግዳ» የሚለውን መረጥኩ። አጎቴ አነበበውና «እንግዳው ምን ያገኛል?» አለ። ምንም፣ አልኩት፤ ዋንጫው የሚገባው ለወንድሜ ብቻ ነው፣ እንግዳ አይመዘገብም። «መዝገብ ቤትም እንደዚያው ነው» አለ አጎቴ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግራውን መቅዘፊያ አንዱ፣ ቀኙን ሌላው ይይዛል። እኩል ከገፉ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች፤ አንዱ ከቀደመ ትዞራለች። መተላለፊያው በሁለት ገደል መካከል ነው፣ ሰባት ጠመዝማዛ አለው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ሙከራ የፈጀው አራት ሰከንድ ነው። አሥራ አራተኛው ትንሽ ረዘመ፣ ምክንያቱም አጎቴ ጆይስቲኩን ገልብጦ ስለያዘው ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄደች። «ቀኝ፣ ጋሼ! ቀኝ!» «የማን ቀኝ? የእኔ ወይስ የጀልባዋ?» «አንድ ነው እኮ!» «አንድ ከሆነ ለምን ትጮኺያለሽ?» በሃያኛው ላይ አከራይዋ በር ላይ መጥታ ቆመች። ሁለት ሐዘንተኞች በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተው ጌም ሲጫወቱ አየችን። «ቁልፉን…» አለችና፣ ሳትጨርስ ሄደች። አጎቴ አፈረ፤ ያፈረው ግን ለመነሣት የሚበቃ አልነበረም። ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመረ፤ ትምህርት ቤት የጠዋት ስፖርት ሲያሠሩ እንደሚቆጥሩት፣ «አንድ፣ ሁለት! አንድ፣ ሁለት!» ያኔ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ድረስ ደረስን። ከዚያ አራተኛው። አራተኛው ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰመጥን።

አንድ ጊዜ፣ ጀልባዋ እስክትመለስ ስንጠብቅ፣ አጎቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ተናገረ። «እኔንም ጠይቆኝ ነበር።»

«መቼ?» አልኩት።

«ለበዓል የመጣሁ ቀን። ጋሼ፣ ይህን ትንሽ ያዝልኝ፣ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ዕድሜህን በዚህ አትጨርስ አልኩት።»

ጀልባዋ ተመለሰች። «በይ» አለ። ገፋሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ውሃው በግቢው ጥግ ነው፤ የቧንቧው ድምፅ ይሰማኛል። ብቻዬን ስሆን የጠጋኙ ቃል ትዝ አለኝ። መስመሩ ተዘግቷል፤ ማሽኑ የሚያምነው የገዛ ሰዓቱን ነው። የሰዓት ማስተካከያውን ፈልጌ አገኘሁ። ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ እንደ ክር ማጠንጠኛ ወደ ላይና ወደ ታች ይሽከረከራሉ። ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ፣ ከማክሰኞው አልፌ፣ ሰኞን አልፌ፣ እሑድን አልፌ፣ ቅዳሜ ላይ አቆምኩት። ሰዓቱንም ከቀኑ ስምንት ሰዓት አደረግኩት፤ በርጩማውን ያስጠጋበት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር ያነባል። የቀረው ማጽደቅ ነው። የቧንቧው ድምፅ መቆሙን አልሰማሁም።

«ምን እየነካካሽ ነው?» አለ አጎቴ፤ ፊቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ቀኑን።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ አደረገና አነበበው። ስለዚያ ቅዳሜ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ነገርኩት። በርጩማውን፣ አርባውን መስኮት፣ ሐሙስን። የሚቆጣኝ ወይም የሚያጽናናኝ መሰለኝ፤ ሁለቱንም ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ልደቱን እንዲያስተካክልለት ለለመነው ልጅ እንደመለሰው ነው የመለሰልኝ፣ በዝግታ፣ ያለ ቁጣ። «በዚያ ቀን አልነበርሽም» አለ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «እኔም አልነበርኩም» አለ። «ዛሬ ነው ያለነው።»

ቀኑን መለስኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፣ ምክንያቱም ማየት ትቼ ነበር። ገደሉን ሳይ እጄ ይቸኩላል፤ ስለዚህ ዓይኔን ወደ በርጩማው እግር አድርጌ የአጎቴን ድምፅ ብቻ ተከተልኩ። አንድ ሲል ገፋሁ፣ ሁለት ሲል ተውኩ። ድምፁ አንዴ ቀጠነ፣ አንዴ ፈጠነ፣ አንድ ቦታ ላይ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ፤ ቆየሁ። «በይ» አለ። ገፋሁ። ከዚያ መቁጠሩን አቆመ። ቀና ስል ጀልባዋ ሰፊ ውሃ ላይ ናት፤ ገደል የሚባል የለም። ከላይ በቀኝ ጥግ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ አለች፤ የማንኪያና የብርጭቆ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የብር ዋንጫ። ሳትጠፋ ሌላ ሣጥን ተከተለቻት፤ ሰማያዊ ናት፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እሷም ጠፋች። ሁለቱም አምስት አምስት ሰከንድ አልቆዩም።

«ይሄው ነው?» አለ አጎቴ።

«ይሄው ነው።»

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ስንት ጊዜ ሞከረ አልሽኝ፣ ብቻውን?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እኛ ሁለት ጊዜ የወደቀን ተማሪ ነበር የምናሰናብተው» አለ፤ ከዚያም አፍንጫውን ለመጥረግ መሐረብ ፈልጎ፣ አጥቶ፣ ብርጭቆ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ወሰደ።

ጠጋኙ ሲገባ እንደተቀመጥን ነው ያገኘን። ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው ላይ የመፍቻ ቦርሳ። ቴሌቪዥኑን አየና ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «ፕላቲኒየም?» አለ። «የዚህን ጌም? እኔ ራሴ የለኝም።» እጁን ለአጎቴ ዘረጋ፤ አጎቴም ተነሥቶ ጨበጠው፣ ሹመት እንደሚቀበል ሰው። ከዚያ ጠጋኙ ዝርዝሩን ከፍቶ ሁለቱ ዋንጫዎች አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት አሳየን። አልተላኩም። መስመር ይፈልጋሉ። ሁለታችንም አጎቴን አየነው። ማለዳ ያዘጋው እሱ ነው፤ ደረሰኙ ኪሱ ውስጥ ነው። የራሱን ስልክ አወጣ። አጎቴ ኢንተርኔት የሚገዛው በወር አንድ ጊዜ፣ ትንሹን ጥቅል ነው፤ የጡረተኞች ማኅበር ማስታወቂያ ለማንበብ። ጠጋኙ ማሽኑን ከስልኩ ጋር አገናኘው። ቀስቷ ስትዞር፣ ስትዞር ቆየችና ጠፋች። «ሄደ» አለ ጠጋኙ። ስልኩ ጮኸ፤ ጥቅልዎ አልቋል ይላል።

ማሽኑን ባዶ ማድረግ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። የወንድሜ ስም ለመጨረሻ ጊዜ መጣ፣ ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ብሎ ጠየቀ፣ ጠጋኙ እኔን አየ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ገመዶቹን ጠቅልሎ፣ ያለቀውን ጆይስቲክ ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ ለሁለተኛው እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። «ሁለት ነበር የተባባልነው» አለ። ከዋጋው ላይ ቀንስ አልኩት። የግራ ጉብታዋን አየት አደረገና «እሷ እንኳ ጠማማ ነች» ብሎ ተወልኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አጎቴ በእኔ ስልክ ማተሚያ ቤት ደወለ። ቆሞ ነበር፣ ወረቀቱን ከፊቱ አርቆ። «ጠዋት ያስወጣሁሽን ርዕስ መልሺው» አለ። «አዎ። ስኬትና ሽልማት። ከሥሩ ጻፊ፤ የፕላቲኒየም ዋንጫ። ፕላ። ቲ። ኒየም። ቀጥይ። ከአርባ አራት፣ አርባ አራት።» ከዚያ ቀኑን ነገራት። ሰዓቱንም ጨመረ፤ ዘጠኝ ከሃያ ሁለት። ጸሐፊዋ አስቆመችው። ክፍሉ ባዶ ስለነበረ የልጅቷ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቀኑ የዛሬ ነው እኮ። ከላይ ደግሞ ያረፉበት ቀን ተጽፏል። ሦስት ሳምንት ያልፋል። የቀን ስሕተት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

አጎቴ ፍራሹ ላይ ያለውን ጎድጓዳ አየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያርም የኖረው እንዲህ ያለውን ነው።

«ስሕተት የለበትም» አላት። «እንዳለ ይታተም።»